በማን ፀሐይ?

ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፋ። ይህ ሶዶ ውስጥ ወሬ አይደለም፤ ወሬ የሚሆነው ሳምንቱን ሙሉ ሳይጠፋ ሲቀር ነው። የስልኬም ባትሪ አልቆ ነበርና ሻማ ፍለጋ ዕቃ ቤት ገብቼ ሳስስ እጄ ቀዝቃዛ ብረት ነካ። የድሮው ፋኖስ ነው። ብርጭቆው በአንድ በኩል ጠቁሯል፤ ክሩ ደርቆ ተጨማዷል፤ ሆዱ ውስጥ ግን ትንሽ ነጭ ጋዝ ተርፎ ኖሮ ክዳኑን ስፈታው ሽታው ወጣ። ልጆቼ ከአዲስ አበባ የሚያመጡልኝ ሽቶ ሁሉ ሳይከፈት ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። የነጭ ጋዝ ሽታ ግን ሃያ ዓመት ወደሞላኝ ጊዜ እጄን ይዞ ይወስደኛል። ባለቤቴ ማርቆስ ሳሎን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ «አስቴር፣ ምንድን ነው የሚሸተው?» አለኝ። «ፋኖሱ ነው» አልኩት። «የጎደሬው ፋኖስ?» ብሎ ሳቀ። ማርቆስ ካለፈው ክረምት ወዲህ ብዙ ነገር ይረሳል። ቁርስ መብላቱን ይረሳል፤ አንዳንድ ቀን የልጆቹን ስም ያምታታል። የጎደሬውን ፋኖስ ግን አልረሳም። በቦታው እንኳ አልነበረም እኮ፤ ሲነገረው ስለኖረ በዓይኑ ያየው ይመስለዋል። ደስ አለኝ፤ ደስ ብሎኝም ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ያኔ ሶዶ ትንሽ ነበረች። ከመናኸሪያው ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነው። ባጃጅ የሚባል ፍጥረት ገና አልደረሰልንም፤ ሰው በእግሩ ይሄዳል፣ ዕቃ በጋሪ ይሄዳል፣ የደላው በሰው ላንድሮቨር ይሳፈራል። እኔ ሻንቶ በምትባለው አጎራባች ከተማ ትንንሽ ልጆች አስተምር ነበር። ሰኞ ጠዋት መናኸሪያው ጥግ፣ ከሻይ ቤቷ አጠገብ ቆሜ መኪና ስጠብቅ አምስት ሳንቲም የነበረችው ብርጭቆ ሻይ ጣዕሟ እስካሁን አፌ ላይ አለ። አሁን እዚያው ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ሻዩን በስንት እንደሚሸጡት አልጠይቅም፣ ደሜን ከፍ ያደርገዋል። ወንዶቹ ጭኑ ላይ ጥብቅ፣ ከታች መንገድ የሚጠርግ ሱሪ ይለብሱ ነበር። እኔ አንድ የቴትረን ጉርድና አንድ የሸራ ጫማ ነበረኝ፤ ጫማውን ነጣ እንዲል ጠመኔ እቀባዋለሁ፤ ለአስተማሪ ጠመኔ አይቸግርም። በዚያ ጫማ ነበር ቅዳሜና እሑድ ለመዝሙር ልምምድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምወጣው። ማርቆስ ከኋላ መስመር ይቆማል። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ጭንቅላቱን ሳያዞር እኔን ያይ እንደነበር የሚያውቀው እግዚአብሔርና የመዘምራኑ መሪ ብቻ ናቸው።

ሽማግሌ ተልኮ ቃል ከታሰረልን በኋላ ማርቆስ ለትምህርት ወደ ውጭ ተላከ። የትኛው መንግሥት ላከው፣ ወደየትኛው አገር ላከው እያልኩ አላደርቃችሁም፤ በረዶ ያለበት ሩቅ ሰሜን ነው፤ የአፈር ትምህርት ሊማር ነው፤ ዓመታትም ይፈጃል። ሊሄድ ሲል ከልምምድ ወጥተን ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆምን። ፀሐይ ወደ ኦሞ በኩል እየወረደች ነበር። «በየቀኑ ፀሐይ ስትጠልቅ ባለሁበት ቆሜ እጸልይልሻለሁ፤ አንቺም ባለሽበት ቆመሽ ጸልይልኝ» አለ። «ፀሐይ ስትጠልቅ» አልኩት። ቀለበት የለ፣ ፎቶ የለ፤ ቃላችን ይኸው ነበር።

አሁን ሳስበው ይህን ዓይነት ቀጠሮ የሚይዝ የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው። ምክንያቱም በእኛ አገር ሰዓትና ፀሐይ ተጣልተው አያውቁም። ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት፣ ስትጠልቅም አሥራ ሁለት ነው፤ ክረምት ከበጋ ቢለያይ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፣ እሱንም ልብ የሚለው ዶሮ ነው። ሰዓታችንን ራሱ የቆጠርነው ፀሐይን አምነን ነው። ፀሐይ ሌላ አገር ሄዳ ሌላ ጠባይ ታወጣለች ብሎ ማን ያስባል?

በዚያ ዘመን ሰው ድምፁን በካሴት ቀድቶ በሰው እጅ ይልክ ነበር። የመጀመሪያው ካሴት የደረሰን ማርቆስ ከሄደ ወራት ካለፉ በኋላ፣ በጥር ሰሞን ነው። ቴፑን ከጎረቤታችን ከልብስ ሰፊው ተዋስን፤ የባትሪ ድንጋዩን እኛ ገዛን። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ የእኔ ነገር የሚታየው በአጎቴ በአቶ ዳና ነውና፣ እሱም ከዳሞት ተራራ ሥር ካለው ቤቱ ቡልኮውን ደርቦ ወረደ። እናቴ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አንጥፋ ቴፑን አስቀመጠችው፤ እንግዳ እንደመጣ ሁሉ። ማርቆስ «ሳሮ! ሳሮ!» ብሎ ሁላችንንም በየስማችን ሰላም አለና ቀጠለ። «እዚህ ገና ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ትጠልቃለች። ያን ጊዜ ክፍል ውስጥ ነኝ፤ ቢሆንም ዓይኔን ጨፍኜ በሆዴ እጸልያለሁ። መምህሩ የተኛሁ መስሎት ተቆጣኝ።» እኔና እናቴ ሳቅን። አጎቴ አልሳቀም። «በዘጠኝ ሰዓት?» አለ። «ከብት እንኳ ገና ውሃ አልወረደም።»

ሁለተኛው ካሴት የመጣው ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው። ድምፁን ለመስማት ሦስታችንም ጆሯችንን ወደ ቴፑ አስጠጋን። «አስቴር» አለ ማርቆስ፣ ድምፁ ከፍቶታል፣ «ሰሞኑን ከአንቺ ጋር አልጸለይኩም። ፀሐይዋ አልጠልቅ አለችኝ። መስኮቱ ጋ ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ፤ ሌሊቱ ይጋመሳል እሷ ግን አለች። ትንሽ ደበቅ ብትልም ሰማዩ ሳይጨልም ተመልሳ ትወጣለች። እንቅልፍ ይጥለኛል። ስነቃ ዓይኔ ላይ ነች። ይቅር በይኝ።»

አጎቴ እጁን ዘርግቶ ቴፑን ዘጋው።

«ባለፈው ምን አለ? በቀን ጨለመብኝ አለ። ዛሬ ምን አለ? ሌሊት አልጨልም አለኝ። በአንድ አገር! በአንድ ከተማ! ቢያንስ አንዱን ይምረጥ እንጂ!»

«አጎቴ፣ ምናልባት...»

«ምናልባት የለም። ይሄ ልጅ ሌላ አግኝቷል። መጸለይ ትቷል፤ ምክንያት ነው የሚፈልገው። ሰው ምክንያት ሲያጣ ፀሐይ ላይ ያላክካል እንዴ?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ሲያደርግ ነበር የምፈራው። «ቦዲቲ ያለው ነጋዴ ሽማግሌ ልኮብኝ ሁለት ጊዜ መልሼዋለሁ። ቃል አለባት ብዬ ነው። እንግዲህ ቃሉ ውሸት ከሆነ እኔ ሰው ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ? ቅዳሜ ይምጡ እላለሁ።»

የቦዲቲው ነጋዴ መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ይህን ለመመስከር አላፍርም። አንድ ኤን ትሬ የጭነት መኪና ነበረው፤ በዚያ ዘመን ኤን ትሬ ያለው ሰው ዛሬ ሆቴል ካለው ሰው ይበልጣል። እኔ ግን አልፈለግኩትም። ማርቆስን ነበር የፈለግኩት። ያን ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ የዝናቡን ድምፅ እየሰማሁ አለቀስኩ፤ ደግሞም ልደብቀው አልችልም፣ አጎቴ ልክ ቢሆንስ ብዬም ፈራሁ። በዘጠኝ ሰዓት ትጠልቃለች ያለው ራሱ ነው፤ አልጠልቅ አለች የሚለውም ራሱ ነው። ድምፁ ግን የሚዋሽ ሰው ድምፅ አልነበረም። ጎህ ሲቀድ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ትምህርት ቤት ሳለን ኬክሮስ፣ የምድር ወገብ፣ የምድር ማዘንበል የሚባል ነገር በቃላችን ሸምድደን ነበር። ለፈተና እንደ ውዳሴ ደግመነው፣ ከፈተናው ማግሥት ረስተነዋል። ይህ ነገር የእኔን ጋብቻ የሚመለከት ነው ብሎ የነገረኝ አስተማሪ አልነበረም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እናቴን «አዬ፣ ትልቅ ጎደሬ ስጪኝ» አልኳት። ክብ የሆነውን መርጬ በቀጭን እንጨት ከላይ እስከታች ወጋሁት። «ለራት ነው የገዛሁት እኮ!» ብላ ጮኸች። ፋኖሱን መሬት ላይ አስቀምጬ ጎደሬውን አዘንብዬ ዙሪያውን ስዞር ምንም አልወጣልኝም። እንጨቱን አብሬ ስለማዞረው ሁልጊዜ ወደ ፋኖሱ ያጎነብሳል፤ ክረምትም በጋም ቀኑ አንድ ሆነብኝ። ሦስት አራቴ ከዞርኩ በኋላ ነው የገባኝ። እንጨቱ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዳዘነበለ መቅረት አለበት፤ እኔ ልዙር እንጂ እሱ አቅጣጫውን አይቀይርም። ወደ በሩ አዘነበልኩት። ከበሩ አቅጣጫ ሳላነቅለው ፋኖሱን ዞርኩ። አሁን ወጣልኝ።

አጎቴ አመሻሹ ላይ፣ ለቅዳሜው ሊዘጋጅ መጣ። ገና ቡልኮውን ሳያወልቅ ፋኖሱን እጁ ላይ አስያዝኩት።

«አጎቴ፣ አንተ ፀሐይ ነህ። አትንቀሳቀስ።»

«ይቺ ልጅ አበደች?» አለ ወደ እናቴ ዞሮ። ፋኖሱን ግን አላስቀመጠም።

የጎደሬው ወገብ አካባቢ በከሰል ነጥብ አደረግኩ። «ይህ ሶዶ ነው።» ወደ አናቱ ጠጋ ብዬ ጣቴን በርበሬው ዳጣ ውስጥ ነክሬ ቀይ ነጥብ አደረግኩ። «ይህ ማርቆስ ያለበት ነው።» ከበሩ ራቅ ብዬ ቆምኩ፤ ፋኖሱ በእኔና በበሩ መካከል ሆነ። አናቱ ወደ ፋኖሱ አጎነበሰ። እንጨቱን በጣቶቼ ቀስ ብዬ አሽከረከርኩት። ከሰሉ ወደ ብርሃን ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ፤ ግማሹ ብርሃን፣ ግማሹ ጨለማ። ዳጣው ግን ዞሮ ዞሮ ብርሃን ውስጥ ነው፤ ጨለማውን ጫፉን ነካ አድርጎ ይመለሳል። «ይህ ሐምሌ ነው» አልኩ። ከዚያ አጎቴን ዞሬ በሩ ጋ ሄድኩ። እንጨቱ አሁንም ወደ በሩ ነው፤ አናቱ አሁን ፋኖሱን ሸሸ። አሽከረከርኩት። ከሰሉ እንደበፊቱ ነው። ዳጣው ግን ጨለማ ውስጥ ሰጠመ፤ ብቅ ብሎ ብርሃን አየና ወዲያው ገባ። «ይህ ጥር ነው። በዘጠኝ ሰዓት የጨለመበት።»

አጎቴ ጎንበስ አለ። ፋኖሱን ወደ ጎደሬው አቅርቦ ነጥቦቹን ተመለከተ። «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። «እስቲ እኔ ላዙር፣ አንቺ ያዢ» አለኝ። ዞረ። ቡልኮው መሬት እየጠረገ ቤቱን ሲዞር እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች።

«ቆይ» አለ ድንገት። «እኛ ወገቡ ላይ ከሆንን፣ ፀሐይ ፊት ለፊታችን ከሆነች፣ እኔ ዳሞት ላይ ለምን ሁለት ቡልኮ ደርቤ አድራለሁ? መሞቅ ነበረብኝ።»

«ሁምቦ ገበያ ስትወርድ ቡልኮውን ምን ታደርገዋለህ?»

«አህያው ላይ እጭነዋለሁ።»

«በዚያው ቀን፣ በዚያው ፀሐይ አይደለም እንዴ? አንተ ከፍታ ላይ ስላለህ ነው የሚበርድህ። እኛ ብርድ ስንፈልግ ሽቅብ እንወጣለን፣ ሙቀት ስንፈልግ ቁልቁል እንወርዳለን። እነሱ ግን ቁጭ ባሉበት ብርዱም ሙቀቱም በየተራ ይመጣባቸዋል። በጥር ፀሐይ ብትወጣም ከጎን ነው የምታያቸው።» መዳፉን ይዤ ፋኖሱ ፊት አቀናሁት፤ ሞቀው። ከዚያ ብርሃኑ እንዲንሸራተትበት አጋደምኩት። «ቀነሰ» አለ ቀስ ብሎ። መዳፉን ደግሞ አቀናው፣ ደግሞ አጋደመው።

ከዚያ ጎደሬውን እንደያዘ ተቀመጠ።  «እሺ» አለ። «ልጁ አልዋሸም። የቦዲቲ ሽማግሌዎችን በክብር አብልቼ እመልሳለሁ። ግን አንድ ነገር ይቀረኛል። ቃሉን በማን ፀሐይ ነው የሚጠብቀው? በዚያኛው ከሆነ አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ጊዜ እንቅልፍ ውስጥ ነው። ቃሉን የሰጠው እዚህ ቆሞ ነው። ስለዚህ በሶዶ ፀሐይ ይሁን። እዚህ ሲመሽ እዚያም መሽቷል ይበል!» ከዚያ ወደ እናቴ ዞረና «በይ ይሄን ምድር ቀቅይልን፣ ርቦኛል» አለ።

መልሱን በካሴት ቀዳን። አጎቴ አገሩ ሩቅ ነው ብሎ ቴፑ ላይ ይጮህ ነበር፤ «ማርቆስ! በሶዶ ፀሐይ! ሰማህ? በሶዶ!» እያለ። የመስከረሙ የአዲስ ዓመት በዓላችን ጊፋታ ተከብሮ ሳይርቅ የማርቆስ ካሴት መጣ። ሰዓቱ ከእኛ ጋር አንድ መሆኑ ረድቶታል፤ አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን ክፍሉ ይገባል፤ ውጭው እንደ ቀትር ቢያበራም ብርድ ልብሱን መስኮቱ ላይ ይሰቅልና ጨለማ ይሠራል፤ ለራሱ ሶዶን ያስመሻል። «በጊፋታ ሰሞን ግን ብርድ ልብሱን አወረድኩት» አለ። «ያን ሰሞን እዚህም ቀንና ሌሊቱ እኩል ሆነ። ፀሐያችን ተገናኘች።» እናቴ ይህንን ቦታ አምስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ድንጋዩ አለቀ።

ዓመታት አልፈው ሲመለስ ጫማው የአገሩ፣ ካፖርቱ የሰው አገር ነበር። ሶዶ መናኸሪያ ላይ በዚያ ካፖርት ላቡ ሲንቆረቆር ያየ ሁሉ ሳቀበት። አጎቴ አቅፎ ከሳመው በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄው «እውነት አትጠልቅም?» የሚል ነበር። «እውነት ነው፣ አጎቴ።» «አውቃለሁ» አለ አጎቴ፣ «ጎደሬው ላይ አይቻለሁ።»

ተጋባን፤ ወለድን፤ ማርቆስ የሁምቦን ቆላ አፈር ሲያገላብጥ፣ ኮረብታዎቹ ላይ ችግኝ ሲያስተክል ኖሮ ጡረታ ወጣ። ሲመሽ ግን ሁልጊዜ ቤት ነው። በረንዳው ላይ ጎን ለጎን እንቆማለን፤ ፀሐይ ወደ ኦሞ ስትወርድ እሱ «በማን ፀሐይ?» ይለኛል፤ እኔ «በሶዶ!» እላለሁ፤ ከዚያ እንጸልያለን። ተጣልተንም ቢሆን። ልጆቻችን ይህ ቀልድ ከየት እንደመጣ ሳያውቁ በቃላቸው ይዘውት አደጉ። አጎቴም አለፈ፣ እናቴም አለፈች፤ የአጎቴ ቡልኮ ግን እኔ ጋ ነው። ያረጀ የሶዶ ብርድ በወጣት ብርድ ልብስ አይመለስም።

ካለፈው ክረምት ወዲህ የማርቆስ ፀሐይ ተዛባች። ገና ምሳ ሳንበላ «አስቴር፣ መሸ፤ ነይ እንጸልይ» ይለኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ እከራከረው ነበር። መስኮቱን ከፍቼ «እየው፣ ቀትር ነው» እለዋለሁ፤ የግድግዳውን ሰዓት አሳየዋለሁ። አስተማሪ ነኝ እንግዲህ፣ ማረም ለምዶብኛል። እሱ ግን ፊቱ ይጠቁራል፤ «አለፈኝ ማለት ነው፤ ሳልጸልይልሽ አለፈኝ» ብሎ እንደ ልጅ ያለቅሳል። ሐኪሙ «አይከራከሩት» ብሎኛል። ሐኪም መናገር ይቀለዋል፤ ከዚህ ሰው ጋር ስለ ፀሐይ ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ቃል የጠበቅኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ቀኑን ሌሊት ነው ማለት እንዴት ይሆንልኛል?

ትናንት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ውጭው ፀሐይ ነው፤ ባጃጆች ይንጫጫሉ፤ ጎረቤት ልብስ አስጥታለች። ማርቆስ ወንበሩን እየተደገፈ ተነሣ። «አስቴር፣ ጨለመ፤ ፀሐይዋ ጠለቀች» አለ። ፊቱ መጥቆር ጀምሯል። ሰዓቱን ላሳየው እጄን አነሣሁና መለስኩት። ፋኖሱ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ተነሣሁ። የአጎቴን ቡልኮ ከሳጥን አወጣሁና መስኮቱ ላይ ሰቀልኩት፤ ሌላውን መስኮት ዘጋሁት፤ በሩን ገፋሁት። ቤቱ መሸ። ክብሪት ጫርኩ። የነጭ ጋዙ ሽታ ሲወጣ ማርቆስ ትከሻው ወረደ፤ እጁን ዘረጋልኝ፤ አጠገቡ ቆምኩ።

«በማን ፀሐይ?» አለኝ፤ ፈገግ ብሎ።

«በአንተ» አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነና ጸሎቱን ጀመረ።